የዝግባ በር ፒክአፕ ቀለም

በእኛ ከተማ፣ ሰው ዋናውን ነገር ትቶ በትርፉ ሲነታረክ የምንላት አንዲት አጭር አባባል አለች። እንግዳ ሲሰማት ይስቃል፤ ለጨዋታ የተፈጠረች ይመስለዋል። ዝግባ በር ላይ ግን እሷን ተናግሮ የሚስቅ ሰው አታገኙም፤ የወጣችበትን ቀን እናውቀዋለን። ከአፍ ስትወጣ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ዛሬም ነገሩ ሲነሳ ያንገበግበኛል። እንዲህ ነው የሆነው።

ዝግባ በር ትንሽ ከተማ ናት። ከላይ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ላይ ሰፈር፣ ከታች በገበያው በኩል ታች ሰፈር ይባላል። መሀላቸውን የጠጠር መንገድ ይከፍለዋል። ሆስፒታል ያለው ወረዳው ከተማ ነው፤ እስከዚያ ድረስ መንገዱ ዳገትና ጭቃ ነው። አውቶቡስ የሚመጣው ለገበያ ቀን ብቻ ነበር። የወረዳው አምቡላንስም የሚጠራው ብዙ ስለሆነ ደረሰ ሲባል ወይ በሽተኛው ድኗል፣ ወይ ተቀብሯል። ስለዚህ የታመመ ሰው በቃሬዛ ይሄድ ነበር።

የእማማ ጠጅቱ ባል በዚያው መንገድ ላይ ነው የሞቱት። ሆዳቸውን ቁርጠት ይዟቸው ጎረቤት ተሸክሟቸው ሲሄድ፣ ትከሻ ለመቀያየር ቃሬዛውን መሬት ባሳረፉበት ቦታ ነፍሳቸው ወጣች። እማማ ጠጅቱ የሴቶች ዕድር መሪ ናቸው፤ ነገር የማይዋጥላቸው፣ ምላሳቸው የሚፈራ ሴት። የባላቸው ተዝካር እንዳለፈ ሁለቱንም ሰፈር ሰበሰቡና፣ «ለሬሳ የምታዋጡትን ያህል ለበሽተኛ አዋጡ። ከሞትኩ በኋላ ድንኳን ብትተክሉልኝ ምን ያደርግልኛል? መኪና ግዙ» አሉ።

ሰው ሰማቸው። ዓመታት ፈጀ እንጂ ተዋጣ። ቅቤ የሸጠች፣ በግ የሸጠ፣ የቀን ሥራ ሠርቶ ከዳቦው ቀንሶ የሰጠ አለ። በመጨረሻ ሞላ። አዲስ ፒክአፕ እንዲሆን ተወሰነ፤ ከኋላው ዕቃ መጫኛ ያለው፣ ከፊቱ ሁለት ረድፍ ወንበር። በሽተኛውን ወንበሩ ላይ ማስተኛት፣ አስታማሚውን ከኋላ መጫን ይቻላል። አዲስ አበባ ሰው ተልኮ ከአንድ አስመጪ ጋር ተስማሙ። አስመጪው ግን መኪናውን ከማስጫኑ በፊት አንድ ነገር ጠየቀ። «ቀለሙ ምን ይሁን? ነጭም፣ ቀይም፣ ሰማያዊም አለ። ወስናችሁ ደውሉልኝ።»

ይህችን ጥያቄ ባልጠየቀን ኖሮ።

የላይ ሰፈር አንደበት አቶ ይመኑ ዘለቀ ነበሩ፣ ጡረታ የወጡ ወታደር። የታች ሰፈሩ ደግሞ አቶ ቸኮል አድማሱ፣ የእህል ነጋዴ። ሁለቱ አማቾች ናቸው። የአቶ ይመኑ ልጅ እናንዬ የአቶ ቸኮልን ልጅ አስማረን አግብታ፣ በአማቶቿ ግቢ ነው የምትኖረው። ያኔ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ነበር። እንደሌላው ጊዜ ቢሆን ሁለቱ ሽማግሎች ሲገናኙ ባርኔጣ አውልቀው፣ ወገብ አጥፈው ነው ሰላምታ የሚሰጣጡት።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይም እንደዚያው ተሰጣጡ። ከዚያ አቶ ይመኑ ተነሱ።

«ይህ የሚያከራክር አይደለም። ነጭ ነው። የበሽተኛ መኪና በየትም አገር ነጭ ነው።»

«መንገዳችንን ረስተውታል» አሉ አቶ ቸኮል። «ነጭ መኪና እዚህ አገር ሳምንት አይቆይም፣ የአህያ ሆድ ይመስላል። ቀይ ይሁን። ቀይ ጭቃ ይችላል፣ ከሩቅም ይታያል።»

«ቀይ የደም ቀለም ነው። በሽተኛ ደም አይቶ ይድናል?»

«ነጭስ የከፈን ቀለም አይደል?»

አንዱ ሳቀ። አቶ ይመኑ የተሳቀባቸው መሰላቸው። በዚያው ቀረ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጭ ማለት ላይ ሰፈር፣ ቀይ ማለት ታች ሰፈር ሆነ። ስለ መኪናው ምንም የማያውቁ ሰዎች እንኳ ውሃ ሲቀዱ ስለ ቀለም ይሰዳደቡ ጀመር።

በቀጣዩ ስብሰባ አቶ ይመኑ የግቢያቸውን የብረት በር አስነቅለው፣ ነጭ አስቀብተው፣ በሰው አሸክመው መጡ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ግድግዳ አስደግፈው አቆሙት። «እዩት» አሉ። «ዓይን ያሳርፋል።» ከታች ሰፈር አንዱ ጎረምሳ ከመንገድ ዳር ጭቃ በባልዲ ይዞ ገባና በሩ ላይ ደፋበት። «አሁንስ?» አለ። ጭቃው ተፈናጥሮ የአቶ ይመኑን ጋቢ አበላሸው። አቶ ቸኮል ያን ጎረምሳ መቆጣት ሲገባቸው አልተቆጡም። መሬት መሬት አዩ፤ ጢማቸው ውስጥ ግን ፈገግታ ነበር።

አቶ ይመኑ አዩት። «አንተ ነህ የላክኸው» አሉ።

እነዚያ ዕድሜያቸውን እርስዎ ሲባባሉ የኖሩ አማቾች፣ በዚያች ቅጽበት ከእርስዎ ወደ አንተ ወረዱ። ከዚያ በኋላ አቶ ይመኑ የልጃቸውን ደጃፍ ሳይረግጡ ወራት አለፈ።

እናንዬ አባቷን ፍለጋ ሆዷን ይዛ ዳገቱን ወጣች። ቤቴ በአቶ ይመኑ አጥር ጥግ ስለሆነ የተባባሉትን ሰምቻለሁ።

«አባዬ፣ መኪናው እኮ ለእኔም ነው» አለች። «በቶሎ ይምጣ እንጂ ጥቁር ቢሆንስ ምን አለበት?»

«አንቺ አሁን የእነሱ ነሽ» አሉ አቶ ይመኑ። «ያስጠኑሽን ነው የምትናገሪው።»

«ማንም አላስጠናኝም። የምወልደው እኔ ነኝ።»

ብቻዋን ተመልሳ ወረደች።

አሁን ስለ ልየው ልንገራችሁ። ልየው ተገኘ የከተማው ዕድር ጸሐፊ ነበር። እሱን አንቱ ማለት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ሲሚንቶና ቢራ የሚያከፋፍል ሱቅ ነበረው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ አያውቅም። ጠዋት አቶ ይመኑ ዘንድ ይሄድና፣ «እርስዎ ባይኖሩ ይህ ሕዝብ ምን ይውጠው ነበር? ነጭ እንዳያስነኩ» ይላል። ከሰዓት በኋላ አቶ ቸኮል መጋዘን ቁጭ ብሎ፣ «መቼም ቀይ የመሰለ የለም፤ ወታደር ግን ለመሸነፍ አልተፈጠረም፣ ምን ይደረግ» ይላል። እሳቱ ላይ በሁለት በኩል እንጨት የሚጨምረው እሱ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሁሉም አስታራቂ ነው ብሎ አመሰገነው።

አስመጪው ሲደውል ሰልችቶት፣ ካልወሰናችሁ መኪናውን ለሌላ እሰጣለሁ አለ። የመጨረሻው ስብሰባ ተጠራ። የትምህርት ቤቱ ግቢ ሞላ፤ ላይ ሰፈር በአንድ ወገን፣ ታች ሰፈር በሌላ ወገን። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት እማማ ጠጅቱ ተነሱ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህን መኪና የሚነዳው ማነው? ቁልፉስ ማን ዘንድ ነው የሚያድረው? ሰው በድንገት ሲታመም የማንን በር ነው የማንኳኳው?»

«ቆይ እስቲ እማማ፣ መጀመሪያ ቀለሙን እንጨርስ» አለ አንዱ ከላይ ሰፈር።

«የመኪና ነገር ለወንዶች ይተዉት» አለ ሌላው ከታች ሰፈር። በቀለም ያልተስማሙት ሰፈሮች እሳቸውን ዝም በማሰኘት ተስማሙ። እማማ ጠጅቱ ግን አልተቀመጡም፤ «ጠይቄያለሁ፣ መልሱልኝ» አሉ። ጩኸቱ ዋጣቸው።

እጅ ወጣ። ነጭ በጥቂት ሰው አሸነፈ። ላይ ሰፈር አጨበጨበ፣ እልል አለ። ታች ሰፈር «ተጭበርብሯል» ብሎ ግማሹ ግቢውን ጥሎ ወጣ። አንዱ ያንዱን ኮሌታ ይዟል፣ ሌላው ይገላግላል። በዚያ ሁካታ መሀል ልየው ወንበር ላይ ወጣና በዚያች ለስላሳ ድምፁ፣ «የቀሩትን ትንንሽ ጉዳዮች፣ ማለትም የሾፌሩንና የቁልፉን ነገር፣ እኔ ብጨርሳቸው ትስማማላችሁ?» አለ። ለነጭ የወጡት እጆች በደስታ እንደገና ተነስተው ነበር። የሰማው «አንተው ጨርሰው» አለ፤ ያልሰማውም እጁ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ልየው አመሰገነና ወረደ።

መኪናው መጣ። ነጭ ነው፣ ሲያዩት ያብለጨልጫል። ላይ ሰፈር ከበሮ ይዞ ወጥቶ ተቀበለው። ታች ሰፈር በሩን ዘግቶ ቤቱ ተቀመጠ። ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ጡሩንባ እየነፋ የገባው ስማቸው ነበር፣ የልየው የሚስት ወንድም። ከበሮው ሲያበቃ መኪናው ቀጥ ብሎ ልየው ግቢ ገባ፤ በሩም ተዘጋ። ማንም ለምን አላለም።

ሳምንት ሳይሞላው መኪናው ሲሚንቶ ጭኖ ታየ። ከዚያ ቢራ። አቶ ቸኮል ተነስተው፣ «የበሽተኛ መኪና ሲሚንቶ መጫን ጀመረ?» ብለው ጮኹ። እውነታቸውን ነበር። ግን የተናገሩት እሳቸው ስለሆኑ ላይ ሰፈር አልሰማቸውም።

«ነጩ ስላሸነፈ ተቃጥሎ ነው» አሉ አቶ ይመኑ። «መኪና ሲቆም ይበላሻል። ትንሽ ቢሠራ ለነዳጁም ይሆናል።» ይህ አባባል የልየው ነበር፤ ቃል በቃል። ወታደሩ ሳያውቁት የልየው ዘበኛ ሆነው ነበር። በሌላ ቀን ደግሞ ከላይ ሰፈር አንዲት ሴት ልጇ ትኩሳት ይዞት መኪናውን አጥታ ስታለቅስ፣ የታች ሰፈር ሰዎች «ነጭ መኪናችሁን ጥሩት እንጂ፣ ይምጣላችሁ» ብለው አላገጡባት። ልጁ እግዚአብሔር ሲለው ዳነ። ሴትየዋ ግን እስከ ዛሬ አትረሳውም፤ እኔም አልረሳውም።

የእናንዬ ምጥ የጀመራት ረቡዕ ነው። ሐሙስ ጠዋት የጤና ኬላዋ ልጅ አየቻትና ፊቷ ተለወጠ። «ልጁ ተጋድሟል፣ ከእኔ አቅም በላይ ነው። አሁኑኑ ሆስፒታል ትድረስ» አለች። አስማረ ሮጦ ልየው ግቢ ደረሰ። መኪናው የለም።

«የት ሄደ?»

«ወረዳ» አለ ልየው። ሱቁ በራፍ ላይ ቆሞ ጥርሱን እየፋቀ ነበር። «ትንሽ ዕቃ ሊያመጣልኝ ነው። ይመለሳል፣ አትቸኩል።»

«ደውልለት። ሚስቴ እየሞተች ነው።»

ደወለ። እኔ እዚያው ነበርኩ። «ስማቸው፣ ጭነህ ስትጨርስ ቶሎ በል፣ ሰው ይፈልግሃል» አለው። ስትጨርስ ነው ያለው። ያችን ቃል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ምንም ቢሆን ይቅር የማልለው ስለ እሷ ነው።

አምቡላንሱ ተጠራ፤ ሌላ ቀበሌ ሌላ ወላድ ሊያመጣ ሄዷል ተባለ። ጠበቁ። ፀሐይ ወጥታ በረታች። እናንዬ መጮህ ተወች፤ ያ ደግሞ ከጩኸቷ የባሰ ነበር። ያኔ አስማረ፣ «ቃሬዛ» አለ። መኪና የገዛ ከተማ ቃሬዛ ተሸከመ።

አቶ ይመኑ ሲሰሙ ዳገቱን እየሮጡ ወረዱ። የአቶ ቸኮልን ግቢ ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ ያን ቀን ነው የገቡት። አንዳቸውም ሰላምታ አልሰጡም። አቶ ቸኮል የቃሬዛውን የፊት ቀኝ እጀታ ያዙ፣ አቶ ይመኑ የፊት ግራውን ያዙ፣ ወጣቶቹ ከኋላ ገቡ። ሽማግሎች ናችሁ ልቀቁ ቢባሉ አልለቅም አሉ። እንደዚያ ጎን ለጎን፣ ሳይነጋገሩ፣ እናንዬንና ያልተወለደውን የልጅ ልጃቸውን ተሸክመው ሄዱ። እማማ ጠጅቱ ከኋላ ውሃ ይዘው ይከተላሉ፤ ባላቸው የሞቱበትን ቦታ ሲያልፉ ፊታቸውን አላዞሩም።

ዳገቱን ሲጨርሱ አንድ መኪና ከፊታቸው መጣ። ከጎማው እስከ ጣሪያው ጭቃ ተለብጦ ቀለሙ ምን እንደሆነ አይለይም። ከድምፁ ነው ያወቁት። የቢራ ሳጥን ኋላውን ሞልቶ፣ በሽተኛ ሊተኛበት የታሰበውንም ወንበር ሞልቶታል።

አስማረ መንገዱ መሀል ቆመ። ስማቸው መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«አራግፍ» አለው አስማረ።

«የሰው ዕቃ ነው። ቤት ላድርስና እመለሳለሁ።»

«አራግፍ ነው የምልህ።»

«አቶ ልየው ሳያዙኝ አላራግፍም። እናንተ አይደላችሁም የቀጠራችሁኝ።»

ሽማግሎቹ ቃሬዛውን ለወጣቶቹ አስያዙ፤ አቶ ቸኮል የኋላውን በር ከፍተው የመጀመሪያውን ሳጥን ወደ መንገዱ ዳር ገደል ወረወሩት። አቶ ይመኑ ሁለተኛውን። ጠርሙስ እየተሰበረ፣ አረፋ በጠጠሩ ላይ እየፈሰሰ፣ ሁለቱ ሽማግሎች እንደ እብድ ሳጥን ወረወሩ። ስማቸው ሊከለክል ሲወርድ እማማ ጠጅቱ ፊቱ ቆሙ። «ተመለስና ሞተሩን አስነሳ፤ ካልሆነ አንተም ትከተላለህ» አሉት። ተመልሶ አስነሳ።

እናንዬ በሕይወት ደረሰች። ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ዳነች። ልጇ ግን ሆዷ ውስጥ ሞቶ ነበር፤ ወንድ ልጅ። ሐኪሙ ለአስማረ ሲነግረው፣ «ጠዋት ብትመጡ ኖሮ» ብሎ ጀምሮ አልጨረሰውም።

ከተማው እሁድ ዕለት ያለ ጥሪ ተሰበሰበ። ልየው ግቢ በራፍ ላይ ነው፤ መኪናው ታጥቦ፣ ነጭ ሆኖ፣ ውስጥ ቆሟል። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተደባልቆ ቆመ። ልየው ወጣ። አልደነገጠም።

«ሐዘናችሁ ሐዘኔ ነው» አለ። «ግን እኔ ምን አጠፋሁ? ቁልፉን ሰርቄ አልወሰድኩም። ሾፌሩንም ቁልፉንም በጉባኤ፣ እጃችሁን አውጥታችሁ ሰጥታችሁኛል። አቶ ይመኑ ይመስክሩ።»

የሚያስቆጣው እውነቱን መናገሩ ነበር። አቶ ቸኮል ወደ አቶ ይመኑ ዘወር ብለው፣ «ልክ ነው፣ አንተ ነህ ያስረከብከው፣ ከነጭህ ጋር» አሏቸው። አቶ ይመኑም፣ «አንተስ ስብሰባውን ጥለህ ባትወጣ፣ ቆመህ ብትከራከር» አሉ። አንዱ የሌላውን ጋቢ ጨመደደ። የልጅ ልጃቸው ከተቀበረ ገና ሦስት ቀኑ አልሞላም።

እማማ ጠጅቱ በመሀላቸው አልፈው ልየው ፊት ቆሙና መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ቁልፉን።»

«ጉባኤ ይጠራና ይወሰን» አለ ልየው።

«ጉባኤው ይኸውልህ።»

ሰው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረበ። ማንም ድንጋይ አላነሳም፣ ማንም አልተሳደበም። ልየው ግራ ቀኝ አየ፤ ጸሐፊ ሆኖ ያስታረቃቸው ሁሉ ዓይናቸው ሌላ ሆኗል። ቁልፉን ከኪሱ አወጣና መዳፋቸው ላይ ጣለው። ያን ቀን ከዕድር ተሰረዘ፤ እሱም ስማቸውም። ከዕድር የተሰረዘ ሰው ቢሞት የሚያነሳው የለም። ዓመት ሳይሞላው ሱቁን ዘግቶ ከከተማዋ ወጣ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ አባባሏም ባልተፈጠረች። ቁልፉ በእማማ ጠጅቱ እጅ ሆኖ፣ የግቢው በር ተከፍቶ፣ መኪናው ወደ ትምህርት ቤቱ ሊወሰድ ሲል፣ ከኋላ አንድ ሰው፣ «ይህ ነጭ ነገር ገደ ቢስ ነው። ቢያንስ ቀለሙን እናስቀይረው» አለ።

«ወደ ምን?» አለ ሌላው።

«ድሮም ቀይ ብለን ነበር» አለ ከታች ሰፈር አንዱ።

«ሰማያዊ ቢሆን ሁሉንም ያስማማል» አለ ሦስተኛው።

አቶ ይመኑም ከሐዘናቸው ውስጥ ቀና ብለው፣ ምን እንደሚሉ ሳያስቡ፣ «ነጩ ምን አደረገ?» አሉ።

ጉርምርምታው ተነሳ። ያን ዕለት ከሆስፒታል የተመለሰችው እናንዬ ነጠላዋን ዘቅዝቃ አጥሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። አባቷን አየች፣ አማቷን አየች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ አጥሩ መለሰች። እማማ ጠጅቱ አዩዋት። ቁልፉን በጡጫቸው ጨብጠው ወደ ሕዝቡ ዞሩ፤ ጉርምርምታው እስኪያባራ ጠበቁ።

«የማን ዘር ናችሁ እናንተ?» አሉ። «ባሌን ቃሬዛ ላይ አጣሁ፤ ሌላ ሰው እንዳይሞት ብዬ ለመንኳችሁ። መኪናውን ማን ይነዳዋል ብዬ ስጠይቃችሁ ዝም በይ አላችሁኝ። ይኸው አንድ ልጅ ፀሐይ ሳያይ ተቀበረ፣ እናቱም እዚህ ተቀምጣለች፣ እናንተ ዛሬም ስለ ቀለም ታወራላችሁ። ከእንግዲህ ስለ ዝግባ በር ሰዎች የሚጠይቅ ቢኖር እንዲህ በሉት፦ ቀለም ሲያማርጡ፣ መሪውን ሰጡ።»